በመስቀሉ ያስማልሁት ወንድሜ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርሁ ይህችን ግን ዘልያት እወጣለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ደግሞ አትዘኑልኝ፤ የሚታዘንልኝ ሰው አይደለሁም።

የድንች ዘር አያያዝ ልማር ከደብረ ታቦር ወደ ጃፓን ለአራት ወር የተላክሁበት ክረምት ነበር። ያረፍሁት ወይዘሮ ኬይኮ ከሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ቤት ነው። ፍልሰታ በገባ በሳምንቱ፣ ሙታን ወደየቤታቸው ይመለሱበታል የሚሉት በዓላቸው ደረሰ። አሮጊቷ ኪያር ላይ አራት ስንጥር ሰክተው ፈረስ፣ ደበርጃን ላይ ሰክተው ላም ሠሩ። ሟቹ ሲመጣ በፈረሱ ይፈጥናል፣ ሲሄድ በላሟ እያዘገመ ይሰናበታል አሉኝ። እኔ በልቤ ሳቅሁባቸው። እኛስ ለተዝካር ድግስ እንደግስ የለም እንዴ? ምን አሳቀኝ?

በዚያው ጠዋት አረብ አገር የምትሠራ የሰፈሬ ልጅ በስልኬ ድምፅዋን ላከችልኝ። «እግዜር ያጽናሽ እቴ፣ የእማማን ነገር ሰምቼ ሳለቅስ ዋልሁ» ትላለች። እናቴ ከሞተች ሃያ ቀን አልፏታል ለካ! እኔ በየሁለት ቀኑ እየደወልሁ «እማዬ እንዴት ናት?» ስል ታላቅ ወንድሜ «ደህና ናት» ይለኝ ነበር።

ደንቡን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር መርዶ ለመንገደኛ አይነገርም። በሰው አገር ብቻውን እንዳያለቅስ ይደበቅለትና ሲመለስ ዘመድ ከቦት በማለዳ ይረዳል። እኔም ለሌላ ሰው እንዲህ ዋሽቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን በንዴት ነደድሁ። በእናቴ ሞት ላይ እሱን ማን ሾመው? ላለቅስ አልፈለግሁም፤ እሱን ላስለቅሰው ፈለግሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ቂሜን ይዤ ፍልሰታን እጾም ነበር።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ወንዝ ዳር ወረድን። ሴቶቹ በስስ የጥጥ ቀሚስ በከበሮ ምት እየዞሩ ይጨፍራሉ። ሰው ሁሉ ሻማ የበራበት የወረቀት ፋኖስ ላይ የሟቹን ስም እየጻፈ ውኃው ላይ ይለቃል። ወይዘሮ ኬይኮ ለእኔም አንድ ሰጡኝ። የእናቴን ስም አልጻፍሁበትም። ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ስልኬን አወጣሁና ለወንድሜ በምስል ደወልሁለት።

አገር ቤት ቀትር ነው። ወንድሜ ቄስ ነው፤ በአፌ አንቱ እለዋለሁ። ሊቀድስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሶ ነበር፤ ፊቱ በስልኩ ታየኝ፣ ከስቷል። ጭፈራውን አሳየሁት፣ ፋኖሶቹን አሳየሁት፣ እየሳቅሁ።

«እማዬ ብታየው እንዴት ደስ ይላት ነበር! እስቲ ያገናኙኝ።»

«ጣራ ገዳም ሱባዔ ገብታለች፤ ስልክ አልያዘችም።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት አልሁሽ እኮ፣ የኔ እናት።»

«እንግዲያው በያዙት መስቀል ይማሉልኝ።»

መስቀሉን በእጁ አገላበጠ። ያኔ «ሰምቻለሁ» ብለው ኖሮ አብረን እናለቅስ ነበር። አላልሁም። «ካልማሉልኝ ነገውኑ ትምህርቱን ጥዬ እመጣለሁ» አልሁት። እኔ ነኝ ያልሁት፤ ሰይጣን አይደለም፣ እኔ ነኝ። ወንድሜ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ማለ። እኔም ደስ አለኝ። የምናዘዘው ይህን ነው፤ ደስ አለኝ። ዞር ስል ወይዘሮ ኬይኮ ምንም ያልተጻፈበትን ፋኖስ ራሳቸው ለቀውት ነበር።

ከዚያች ቀትር ወዲህ ወንድሜ ቀድሶ አያውቅም። በሐሰት መስቀል ያነሣ እጅ ሥጋ ወደሙን አይነካም ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። ስመለስ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው አረዱኝ። እንደ አዲስ ጮኽሁ፣ እንደ አዲስ ደረቴን ደቃሁ። ወንድሜ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀና «ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ» አለ። እኔም ድንጋዩን አስወርጄ ይቅር አልሁት። እኔ! እኔ እሱን!

አራት ዓመት ሆነው። ጉና ሥር ባለችው ደብራችን ሲቀደስ እሱ እንደማንኛውም ምእመን ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። «ምን በድሎ ይሆን?» እያለ ሰው ያማዋል፤ አንዳንዱማ የሴት ነገር ነው ይላል። እኔ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፤ አፌን አልከፍትም። ያኔ ማወቄን ቢያውቅ ይበልጥ ይጎዳል ብዬ ነው ልበላችሁ? ውሸት ነው። ዓይኑን ፈርቼ ነው። እስካሁንም እፈራለሁ።

ባለፈው ፍልሰታ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና፣ «ማህላው ያንገበግበኛል» አለኝ። «ግን በሰው አገር ብቻሽን ከማልቀስ አድኜሻለሁ። እሱ ይበቃኛል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት።