የዳዋ ዳር ፋሲካ

ባለፈው ሳምንት ከያቤሎ ወደ ነገሌ የምንሄድበት አውቶብስ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ አስቀረን። ወጣቶቹ ስልካቸውን እያወጡ እየመለሱ ሹፌሩን ሲረግሙ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የቦረና ሴት የወተት ዕቃዋን ክዳን ከፈት አደረገችና ያ በእንጨት ጭስ የታጠነ የእርጎ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ስድሳ ምናምን ዓመቴን እዚያው አውቶብሱ ውስጥ ረስቼ ሰባት ዓመት ሞላኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባባ መምህር ነበርና ወደ ነገሌ ተዛውሮ ቀድሞን ሄዷል፤ እማዬና እኔ በሰሙነ ሕማማት ጨውና ስኳር በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ተከተልነው። ለበዓል የሚታረደው ቀይ ዶሮ እግሩን ታስሮ ከእማዬ ጉልበት ሥር ተኝቷል፤ ለትንሣኤ ሌሊት የምትለብሰው ነጭ ቀሚስ ታጥቦ ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው። እማዬ አራስ ካልሆነች በቀር የትንሣኤን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም፤ የዚያን ዓመት ጭንቀቷም ቅዳሜ ማታ ነገሌ መድረስ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ቀትር ላይ ዳዋ ስንደርስ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሹፌራችን ጋሽ ደስታ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና፣ ወንዝ አይሰደብም ብሎ መኪናው ጥላ ሥር ጋደም አለ። እማዬ ግን ወንዙንም እሱንም ሰደበች። ያቤሎ ላይ ሻይ ልጠጣ ብለህ ባትጎለት ኖሮ ሳይሞላ እንሻገር ነበር አለችው፤ ዶሮው ሲጮህማ፣ ጴጥሮስ እንኳ በዶሮ ጩኸት ነቅቶ አልቅሷል፣ አንተ ትተኛለህ ብላ አፋጠጠችው። እሱ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ከወንዙ ከፍ ብሎ የቦረና ሰፈር ነበር። ማታውን አዴ ጡሜ የሚባሉ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት “ናጋ? ናጋ?” እያሉ ደኅንነታችንን እየጠየቁ ወረዱና ትኩስ ወተት አቀረቡልን። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ አገር ወተት መመለስ የሰጪውን ፊት እንደ መምታት ነው፤ ጋሽ ደስታ ደንግጦ ተነስቶ ጾሙን በኦሮምኛ አስረዳላቸው፣ ወደ እኛም ዞሮ መንገደኛ ይፈቀድለታል አለ። እማዬም፣ “እግሬ እንጂ ሆዴ መንገደኛ አይደለም” አለችው። እኔን ግን፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ከፈለግሽ ጠጪ አለችኝ። የመጀመሪያ ጾሜ ነበር፤ ምራቄን ዋጥኩና እምቢ አልኩ። ያችን እምቢታ እስከ ዛሬ እኮራባታለሁ። አዴ ጡሜ ትክ ብለው አዩኝ፤ ወተቱን ይዘው ሄዱና የተቀቀለ በቆሎ ይዘውልን ተመለሱ።

ዓርብ እማዬ ከግራር ሥር ነጠላዋን አደግድጋ ስትሰግድ ዋለች። የሰፈሩ ልጆች ጨዋታ መስሏቸው ከኋላዋ ተሰልፈው አብረዋት ይወድቁ ይነሱ ጀመር፤ አዴ ጡሜ በጨንገር አባረሯቸው። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዙ ያው ነው። እማዬ መሳደቡንም መጠየቁንም ተወች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም ስታለቅስ አይቻት ስለማላውቅ ከረሃቤ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ዶሮው ጮኸ። እማዬ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ጧፍ አበራችና ወደ ወንዙ ዞራ “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አለች። ከመኪናው ሥር ጋሽ ደስታ ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለና በጎረነነ ድምፅ “በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” ብሎ መለሰ።

ወዲያው አዴ ጡሜ የወተት ዕቃቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ። ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ከጋሽ ደስታ ጠይቀው፣ ያንኑ የረቡዕ ወተት ማንም እንዳይነካው ከልክለው አርግተውት ኖሯል። እማዬ ዋንጫውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አስቀድመው እርስዎ ይቅመሱ ብላ መለሰችላቸው። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ሳቀችና ለጋሽ ደስታ አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ወደ እማዬ ዞሮ፣ እኚህ ሴት ከረቡዕ ጀምሮ ወተት የሚባል አልቀመሱም አለ።

እማዬ ለምን ብላ አስጠየቀች። አዴ ጡሜ የዋዛ ጥያቄ እንደ ተጠየቀ ሰው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

“እንግዳዬ ያልቀመሰው ወተት በእኔ ጉሮሮ እንዴት ይወርዳል?”

እማዬ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። “እኔ ሞኟ፣ እግዜር ነገሌ ቀድሞኝ የሄደ መስሎኝ ነበር” አለች። ከአንድ ዋንጫ እየተቀባበሉ ጠጡ፤ ቀጥሎ እኔ። የጭሱ ጣዕም ያለበት፣ ቀዝቃዛ፣ ወፍራም እርጎ።

በማግስቱ ወንዙ ጎደለልን፤ ዶሮውም የእማዬ ስጦታ ሆኖ ከአዴ ጡሜ ዘንድ ቀረ። ዶሮ በማይበሉት ሰዎች መካከል አርጅቶ ሳይሞት አይቀርም። እማዬ እስክታርፍ ድረስ በየፋሲካው ከዶሮ ወጡ በፊት እርጎ ሳንቀምስ አንፈስክም ነበር፤ ሴቶች ያስቀደሱበትን ትልልቅ ደብር ሲቆጥሩም አገጯን ቀና አድርጋ፣ “እኔ ከአዴ ጡሜ ጋር ፈስኬያለሁ” ትል ነበር።

ጎማው ተቀየረና ሄድን። ዳዋ ላይ ድልድይ አለ፤ ሹፌሩ ያባከነውን ሰዓት ለማካካስ ይከንፋል። ሰፈሩ የነበረበትን ከፍታ ላሳያት አጠገቤ ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞሬ ጣቴን ሳነሳ፣ አልፈነዋል።