የሙኒያ ም/ቤት

ሙኒያን ያወቅኋት አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለጣቢያው ሠራተኞች ምግብ እየሠራች ልጇን ኑርሀያትን አሳደገች። እኔ አስተናግድላታለሁ፣ ዕቃም አጥባለሁ። የሰው ታሪክ መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ ነው መሰለኝ። ግን የእሷን የጻፈ አላየሁም።

በሯ ላይ «የሙኒያ ም/ቤት» የሚል ጣውላ ነበረ። ጣውላው ስለጠበበ ሠዓሊው ምግብ የሚለውን በአንድ ፊደል ቆረጠው። አዋሽ ላይ ማንም አልተቸገረም። ጥብሱ እየሸተተ ማን ያነባል?

ኑርሀያት ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ሙኒያ «ልጄን ብቻዋን አልተውም» አለችና ጣውላውንም ይዘን መጣን። ሰመራ ደግሞ ዙሪያው መሥሪያ ቤት ነው። ፍ/ቤት አለ፣ ት/ቤት አለ፣ ጽ/ቤት አለ። የሁሉም መጨረሻ ቤት ነው፤ የምትለያቸው ፊት ያለችው ፊደል ናት። የእኛዋ ም እዚህ ስትደርስ ምክር ሆነች።

ሾፌሮች በሩ ድረስ መጥተው፣ አንብበው ይመለሳሉ። አንዱማ ኮፍያውን አውልቆ አለፈ። ሩዙን ድመት በላው።

«አስፋው፣ ይህ ወር እንዲህ ካለቀ ወደ አዋሽ እንመለሳለን። ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች» አለችኝ።

አንድ ጠዋት ከአሳይታ በኩል ሦስት ሽማግሌዎች ገብተው ተቀመጡ።

«ምን ልታዘዝ፣ አባቶቼ?» አለች ሙኒያ።

«ሰብሳቢውን ጥሪልን» አሉ ትልቁ።

«ሰብሳቢ የለም። ያለሁት እኔ ነኝ።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሰብሳቢውን ሴት አድርገዋል። ደህና። የውሃ ሞተራችን ቆሟል፣ ልጄ።»

«ወላሂ ስለ ሞተር አላውቅም። ሩዝ አለ፣ የፍየል ጥብስ አለ።»

«መጀመሪያ ይበላል ማለት ነው?»

«እዚህ ከመብላት ሌላ ምንም የለም።»

«እንዲህ ያለ ምክር ቤት አይተን አናውቅም» አሉና በሉ።

አፍሬ ቆይቼ «አባባ፣ ም ማለት እኮ ምግብ ነው» አልኳቸው።

አፋቸውን ጠርገው «አሁንማ አወቅን» አሉ።

ዋናውን ምክር ቤት ወስጄ አሳየኋቸው። እዚያ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የት እንደበሉ ሰማ። ለምሳ ሽማግሌዎቹ ባለጉዳዮቹን አስከትለው መጡ። ቀጥሎ የቢሮ ሠራተኞች መጡ። እነሱማ አለቃቸውን «ም/ቤት ደርሰን እንምጣ» ይሉታል አሉ። ውሸትም አይደለም።

ኑርሀያት «እማ፣ ጽሑፉን እናስተካክለው፣ ያሳፍራል» አለች።

«አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ» አለች እናቷ።

ወሩ ሲያልቅ፣ እንዴት እንደምጠይቃት ጨንቆኝ፣ «እትዬ፣ ዕቃውን ልሰብስብ?» አልኳት።

«የምን ዕቃ? ወንበር ተበደርና አምጣ፤ ሰዎቹ ቆመዋል» አለችኝ።