የባባ ጀልባ ማራገቢያ ፍለጋ

ከባሕር ዳሩ ሰፈራችን ከኦብሑር የተነሳነው ጠዋት፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ ነው። ጉዳያችን አጭር ነበር፤ የመለዋወጫ ገበያው ፔትሮሚን ወርደን ለባባ አሮጌ የሞተር ጀልባ ማራገቢያ ገዝተን መመለስ። ባባ የአሠሪዬ የማዳሜ አባት ናቸው። ማዳም “ለዚያ ቆሻሻ አንድ ሪያል አልሰጥም” ስላለች ሁሉንም ከጡረታቸው እየቆጠቡ ነው የሚያሠሩት። የጀልባዋን ስንጥቅ በፋይበርና በሙጫ እሳቸው ደፍነዋል። እኔ የቤቱን ሥራ ስጨርስ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቃት ከረምኩ፤ የመቀመጫዋንም ልብስ ከአሮጌ መጋረጃ ሰፋሁ። የቀረን ከውኃ በታች ሆኖ የሚገፋት ማራገቢያ ነበር፤ አንዱ ክንፉ ተሰብሯል።

ባባ የሚጠሩኝ ሐያት ብለው ነው። በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማዬ ላይ ያለው ስም እሱ ነው። ያኔ ለቤት ሥራ ወደዚህ ዐረብ አገር ስንጎርፍ፣ ደላላው “በዚህ ስም ቪዛ አይወጣም” እያለ የብዙ ክርስቲያን ልጆችን ስም ቀይሯል። ሃይማኖቴንም አብሮ ለወጠው። ማተቤን ከውስጥ ልብሴ ጠርዝ ላይ ሰፍቼ፣ ክፍሌን ዘግቼ እየጸለይኩ፣ ይህ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ነው ብዬ እኖር ነበር።

ፔትሮሚን

መንገድ ላይ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ ባባ ፉልና ትኩስ ዳቦ በአምስት ሪያል ገዙ፤ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጠን በላን። ፔትሮሚን ስንደርስ አንድ የመናዊ መካኒክ የተሰበረውን ማራገቢያ አገላብጦ አየና ሳቀ።

“ባባ፣ ይኼ ሞተር የእርስዎ እኩያ ነው።”

“እኔ እንኳ ክንፌ አልተሰበረም” አሉት ባባ።

“አዲስ ልግዛ ካሉ ዋጋው ከጀልባዋ ይበልጣል። መካ ውስጥ ሐጃ ሩቅያ የምትባል ሐበሻ አለች። ሟች ባሏ እዚሁ የጀልባ ሞተር ይጠግን ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቤቷ ተቀምጧል።”

ባባ በደስታ ወደ እኔ ዞሩ። “የአገርሽ ሰው! በቋንቋሽ ተከራክረሽ ታስቀንሺልኛለሽ። ታላቁን መስጊድ፣ ሐረሙንም ታያለሽ። ያላ፣ እንሂድ!”

መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባባትም። አሞኛል ብል ይመልሱኝ ነበር። እውነቱን ብናገር ደግሞ ማዳም በማግስቱ ወደ አገሬ ትጭነኛለች ብዬ ፈራሁ። መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ወደ መካ

ተራሮቹ ዛፍ የላቸውም፤ የተቃጠለ ድንጋይ ናቸው። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ሙስሊም ያልሆነ ይታጠፍ ይላል። ባባ ቢስሚላህ ብለው ሳይታጠፉ ቀጥታ ነዱ። ፍተሻው ላይ ወታደሩ ኢቃማዬን አየና “ሐያት?” አለ።

“አዎ” አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ባባ በመስታወቱ አይተውኝ ፈገግ አሉ፤ “ሐረሙን ስታዪ በዱዓሽ አትርሺኝ” አሉኝ። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ሐጃ ሩቅያ ቤት

ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ ደረጃውን ወጥተን ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮን ነበር። ሐጃ ሩቅያ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ አሮጊት ናቸው።

“ግቢ፣ ግቢ ልጄ! ከየት ነሽ?”

“ከደሴ ወጣ ብሎ።”

“አልሐምዱሊላህ! ጎረቤቴ ነሻ! ይኼ ሽማግሌ ግን ጀልባ የሚያሳምረው ዓሣ ሊያጠምድበት ነው ወይስ ሚስት?”

ለባባ ዓሣውን ብቻ ተረጎምኩላቸው።

ማራገቢያው በግራሶ ተለቅልቆ ጆንያ ውስጥ ነበር። መከራከር እንኳ አላስፈለገም፤ “መቶ ሪያል ይበቃኛል፣ ለባሌ ዱዓ ያድርግለት” አሉ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ በአንድ ትሪ። እኔ ከዳር ከዳር፣ ሥጋው ያልነካውን ሩዝ እየለቀምኩ ጎረስኩ።

“ሥጋ ለሆዷ አይስማማትም” አሉ ባባ፣ እንደ ሁልጊዜው አዝነውልኝ።

የሐጃ እጅ ትሪው ላይ ቆመ። ወሎ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም፤ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ድግስ ሲሆን ለእንግዳው ለብቻው ይዘጋጅለታል። ሐጃ ተነሱና ዳቦና ማር በሌላ ሳሕን አምጥተው ፊቴ አኖሩ። “ይኼን ብይ” አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ የዐስር አዛን ሲሰማ ባባ ወደ መስጊድ ሊወጡ ተነሱ። “ሐያት ከአንቺ ጋር ትስገድ” አሏቸው።

“እሷ ዛሬ አትሰግድም። የሴት ነገር ነው፣ አንተ ሂድ” አሉ ሐጃ።

በዚያ ከተማ፣ በዚያ ሰዓት፣ ለእኔ ሲሉ ዋሹ። በሩ ሲዘጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?” አሉኝ።

“እጅጋየሁ።”

“እጅጋየሁ፣ እኔ ለአንቺ አልፈራሁም፤ አንቺ ከአምላክሽ ጋር ትተዋወቂያለሽ። ይኼ ሽማግሌ ግን ሳያውቅ በገዛ እጁ አስገባሽ። ይኸው እኔንም አስዋሸሽኝ። ንገሪው።”

ሻርፔን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

መልስ

መንገዱን ሙሉ ልናገር እያልኩ ኦብሑር ደረስን። ባባ ጆንያውን ከጎናቸው እንደ ሕፃን አስቀምጠው ያንጎራጉሩ ነበር። ማራገቢያው ልክክ ብሎ ገባ። ባባ በእጃቸው አሽከርክረው አዩትና ትንሽ የሰማያዊ ቀለም ቆርቆሮ ከፈቱ።

“በመቶ ሪያል ያስገኘሽልኝ አንቺ ነሽ። የጀልባዋ ስም ሐያት ይሁን።” ብሩሹን ነከሩ።

“ባባ፣ ይቆዩ። እሱ ስሜ አይደለም።”

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ቀለም ነጠላ ጫማቸው ላይ ሲያርፍ አላዩትም።

“ሰሌዳውን አላየሽውም?”

“አይቼዋለሁ።”

“ከመታጠፊያው በፊት ሱቅ ነበር። ጥላ አለው፣ ሻይ አለው። እዚያ አቆይሽ ነበር። ስመለስ እወስድሽ ነበር።” አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “አሁን በአላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ” አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ “ለልጄ፣ ለማዳምሽ እንዳትነግሪ” አሉኝ። ቆይተውም “ማን አልሽኝ?”

“እጅጋየሁ።”

“ኢጂ… ኢጋ…” ሞክረው ሞክረው ተዉት፤ ብሩሹን አጠቡና ቆርቆሮውን ከደኑ።

ጀልባዋ ባሕር ላይ ወርዳ እየሠራች ነው፤ ሞተሯም አላስቸገረም። እኔ ከዚያ መንገድ ያመጣሁት ይህን ነው፤ ዝምታዬ የሚያስጠይቀው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ግን አምኖ መኪናው ላይ ያሳፈረኝን ሰው ፈቃዱን ሳልጠይቅ ጥፋቴን አሸከምኩት። ጀልባዋን ሳጥብ ለስም የተተወው ነጭ ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ይዘገያል። ባባ ከዚያ ወዲህ ሐያት አይሉኝም፤ እጅጋየሁም አልመጣላቸውም። “ያ ቢንቲ” ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው። በጠሩኝ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አቤት እላለሁ።