በሩ ሲንኳኳ የሚወጡት ሰውዬ

ወዳለፈ ዘመኑ እየተመለሰ ጥፋቱን ስለሚያርም ሰው የተሠራው፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ፊልም አዳራሹን በሳቅ ማፍረስ ከጀመረ ወዲህ፣ ቲኬት ቆራጯ ደጋግመው የሚመጡትን አንድ ሽማግሌ በሳቃቸው ለይታቸዋለች። ቀልዱን በቃላቸው ስለያዙት ከሰው ሁሉ ቀድመው ይስቃሉ። ባለታሪኩ የተጣላውን ወንድሙን በር ሊያንኳኳ ሲል ግን፣ ጠርዙ የተበላ ባርኔጣቸውን ይዘው ይወጡና ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ።

«አባባ፣ ዋናው እኮ አመለጠዎት! ወንድማማቾቹ ታረቁ!» አለቻቸው ዛሬ።

«እሱማ ዘመን የሚመልስ ማሽን አለው፤ ምን ቸገረው!» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም የወንድሜን በር አንኳኩቼ ነበር፣ ልጄ። የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት፤ ከል ለብሳ።»

ተመልሰው ገቡ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋና ጸጥ አለ። የሽማግሌው ሳቅ ዛሬ ከሰው ሁሉ ዘግይቶ፣ ለብቻው መጣ።