የክፍለ ጦሩ ታሪክ በቢቸና መጋዘን

እኔንና አሥር አለቃውን ወታደሮች ቢቸና ላይ የያዙን ከነደብተሬ ነው። የሞጣ አስተማሪ ነኝ፤ ድሮ የፈረሰ የአንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ታሪክ እጽፍ ነበር። ታሪኩን የሚነግሩኝ አሥር አለቃው የቢቸና ሽማግሌ ናቸው፤ ከምሥራቁ በረሃ እስከ ሰሜን ተራሮች በሦስት ጦርነት አብረውት ዞረዋል። ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የአሮጌ ጆንያ ሽታ አለው፤ ሃያ የሚሆኑ የከተማው ሰዎች አቧራው እያስነጠሳቸው ተቀምጠዋል።

መርማሪው ወጣት ነው። ደብተሬን ገልጦ አነበበ።

«ሁለተኛው ሻለቃ ኮረብታውን ያዘ ይላል። የትኛውን ኮረብታ?»

«በረሃ ያለ ነው። እርስዎ ሳይወለዱ ነው የተያዘው።»

«ክፍለ ጦሩ አሁን የት ነው?»

«ተበትኗል።»

«ወዴት?»

ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው በር ላይ ቆሞ አሥር አለቃውን ጠራ። ደብተሩ «መትረየስ ተኳሽ» ይላቸዋል፤ እንግዲያው ወጣቶችን ተኩስ ያስተምራሉ ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዳቸው ነው። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየንም። እሳቸው እንደነገሩኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ተነሥተው ዙሪያቸውን አዩ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጎረቤታቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሠርጉና በየለቅሶው የመትረየሳቸውን ገድል ሲሰማ የኖረ።

«ወጥ ቤት ነበርሁ» አሉ።

«ኧረ አሥር አለቃ!» አለ አንዱ፣ እንደተከዳ ሰው።

መርማሪው አላመነም። «እስቲ ለአንድ ሻለቃ ሽሮ እንዴት ይሠራል?»

አሥር አለቃው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። የበርሜሉን ልክ፣ ጨው የሚገባበትን ሰዓት፣ አውሮፕላን ጭሱን እንዳያይ ጎሕ ሳይቀድ እሳቱን ማጥፋትን፣ እንዳይጓጉል በአካፋ እጀታ ማማሰልን አወረዱት። ስለ ውጊያ ሲያወሩ በየቀኑ የሚለዋወጠው ቁጥር አሁን ፍንክች አላለም። ቁርስ አልበላንም ነበርና መጋዘኑ በሙሉ ምራቁን ዋጠ።

«በቃ፣ ይሂዱ» አለ መርማሪው።

አልሄዱም። «መጀመሪያ ደብተሩ ይታረም።»

ሊቆጣ ቃጣው፤ ኋላ ግን ደብተሩንና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «መትረየስ ተኳሽ» የሚለውን ሰርዤ «ወጥ ቤት» ብዬ ጻፍኩ።

«ጨምርበት መምህር» አሉኝ። «ጦሩ ሲያፈገፍግ በርሜሌን ተሸክሜ ነው የወጣሁ። ጦሙን ያደረ ሻለቃ የለኝም።»

ጋቢያቸውን አደላድለው ወጡ።

እኔም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ፤ ደብተሩ እዚያው ቀረ። አሁን ታሪኩን እንደገና እየጻፍኩ ነው። ብዙ ጀግኖች አነጋግሬያለሁ፤ ሁሉም ጦርነቱን ብቻውን የተዋጋ ነው የሚመስለው። አሥር አለቃውን ግን ዛሬ ቢቸና ሠርግ ሲኖር ወጡን ቅመሱልን ይሏቸዋል፤ ይቀምሱና ጨው ጎድሎታል ይላሉ። ከሦስቱ ጦርነቶች ሳልጠራጠር የጻፍኩት የእሳቸውን ምዕራፍ ብቻ ነው።