ወንድ የማይረግጠው ደሴት

የተያዝሁት በምሳ ሰዓት፣ ከጣና ዳር ሾላ ሥር ተቀምጬ የፍቅር መጽሐፍ ሳነብ ነው። ሌላው ሰው ወረቀት ሲበትን ወይም መሣሪያ ሲደብቅ ተይዟል፤ ለልጅ ልጅ የሚወራ ነገር ነው። እኔ ግን ደረቱን የገለጠ ጎረምሳ ቀይ ፀጉር ያላትን ሴት ያቀፈበትን ሽፋን በሁለት እጄ እንደያዝሁ ተያዝሁ።

ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ነበሩ።

«ምንድን ነው የምታነበው?» አለ አንደኛው።

«ልብ ወለድ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ፍቅር።»

ጓደኛውን ዞሮ አየው። «በዚህ ጊዜ?»

እውነቱን ነው። በየማለዳው የጠፋ ሰው ስም በሹክሹክታ የሚነገርበት ዓመት ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ገሥጸው በለቀቁኝ። ሲገልጡት ግን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ ወጣ። ሐይቅ፣ በሐይቁ መካከል ደሴት፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ፣ ጫካ፣ ምሽግ። ደራሲው ከራሱ ያፈለቀው አገር ነው። ጥበቃው መጽሐፉን እያዞረ ከፊታችን ካለው ውኃ ጋር ሲያስተያይ ቆየና ጣቱን ከአንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይኼ ዓባይ ነው» አለ።

መጽሐፉን ያዋሰችኝ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የነበረች ታይፒስት ናት። እሷም አገር ለቆ ከሄደ ፈረንጅ መምህር ያገኘችው ነው። «ስትጨርሰው እንጫወትበታለን» ብላኝ ነበር። እኔም ያነበብሁት ለዚያ ጨዋታ ስል ነው። አሁን ግን ሥራዬ ስሟን መደበቅ ሆነ። ስሟ ከአፌ ከወጣ እሷም ማምሻውን እስር ቤት ናት።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው የገብስ አቧራ ይሸታል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ቀን ቀን ያቃጥላል። የሚተኛው በጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። እኔ በእንቅልፌ ስለምራገጥ ከሽንት ባልዲው አጠገብ መደቡኝ። ጎረቤቴ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ። የታሰሩት መፈክር ሲባል እጃቸውን ስላላነሡ ነው። «ትከሻዬን አሞኝ ነው» ይላሉ። ባልዲው ሞልቶ ሲያነሡት አይቻለሁ፤ ትከሻቸው ምንም አይላቸውም።

በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የሚያውቀውን ያካፍላል። አንዱ ሒሳብ ያስተምር ነበር፣ ሌላው ስለ መኪና ሞተር። እኔ የማውቀው የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ብቻ ሆነና የሚፈልገው ጠፋ። «እንግዲያስ የታሰርህበትን አውራን» አሉኝ።

ጀመርሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በፈረንጅ አገር ምዕራባዊ ጫፍ፣ ኬልት የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ጫካ ውስጥ ይጸልያሉ፤ ሕጋቸውንና ታሪካቸውን ሁሉ በቃል እንጂ በጽሑፍ አያኖሩም። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህስ ደህና ሕዝብ ነው ማለታቸው ነበር። የአንድ አለቃ ልጅ ለደሴት አገልግሎት ተሰጠች። ጨረቃ ስትሞላ ነጭ የውኃ ወፍ ትሆናለች። ወፉ ምን እንደሚባል በአማርኛ ስላላወቅሁ የጣናን ያን ባለ ከረጢት መንቆር ወፍ አደረግሁት። በዚያ መንቆር ማን ይስማታል ብለው ሳቁብኝ። ከጠላት ወገን የሆነ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ወደዳት።

መሪጌታ የሚሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። በማግሥቱ ያቆምሁበት ሲጠፋኝ እንደ ትምህርት ቃል በቃል ይመልሱልኛል፤ ስሕተቴንም ሳይቀር። ደሴቱ ላይ ወንድ አይረግጥም ስል ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን አልህ?»

«ሴቶች ብቻ ናቸው፣ መሪጌታ። ካህናቱም ሴቶች ናቸው።»

«የኛው ገዳም ተገልብጦ» አሉ፤ ደስ አላቸው። «ጎሽ። ቀጥል።»

ታሪኩ ቀጥቃጩ ታንኳ ሠርቶ ወደ ደሴቱ ከሚቀዝፍበት ላይ እንደደረሰ መርማሪው አስጠራኝ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ነበር። ጌታዬ እንዳልለው ጌታ ቀርቷል፤ ጓድ እንዳልለው ለእስረኛ አይፈቀድም። ስለዚህ ምንም አላልሁትም።

«ማን ሰጠህ?»

«ከገበያ፣ በርበሬ ከሚጠቀለልበት ወረቀት መካከል ያገኘሁት ነው።»

ከዚያ በኋላ በእግሬ መዳፍ ላይ የሆነውን አልተርክም፤ እግሬ ራሱ ብርድ ሲመጣ ይተርከዋል። ሲያሰናብተኝ «እስከ ነገ አስብበት» አለኝ።

ወደ ክፍሉ ደግፈው አስገቡኝ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከእግሬ ሥር አደረጉልኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ነገ ስሟን ትነግራቸው ይሆን?» አሉ።

«ሴት መሆኗን ማን ነገረዎ?»

«ወንድ ለወንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያውሳል እንዴ?»

እግሬ እያመመኝ ሳቅሁ። ነገ ምን እንደምል ግን እኔም አላውቅም ነበር። አፌ እንደሆነ በደህናው ቀንም ምሥጢር አይቋጥርም።

«ይሁን» አሉ። «ለመሆኑ መጨረሻው ምን ሆነ?»

«አላውቅም። ሳልጨርሰው ነው የያዙኝ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። የሞተር አስተማሪው «ታዲያ ያላለቀ ነገር ለምን ትጀምራለህ፣ አንተ ሰውዬ?» አለ፤ ከልቡ ተቆጥቷል። ከእግሬ ይልቅ ቀጥቃጩ አሳዘናቸው።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ፤ ያን ትከሻው ታመመ የሚሉትን። «እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ፤ ከታንኳው ጀመሩ። ቀጥቃጩ ከወደቡ ደረሰ። ልጅቱ ከላይ ሆና አየችው። ከታንኳው ቢወርድ ደንቡ የሚቀጣው እሷን እንጂ እሱን አይደለም። ስለዚህ አልወረደም። ከታንኳው ላይ ቆሞ፣ ግንባሩን ወደ ደሴቱ ዝቅ አድርጎ ተሳለመና ቀዝፎ ተመለሰ።

«አልተጋቡም?» አለ የሞተር አስተማሪው።

«አልተጋቡም።»

«ይኼማ መጨረሻ አይደለም፣ መሪጌታ።»

«እናትህ ወደኛ ደሴት ስትመጣ ከወደቡ ቆማ ተሳልማ ነው የምትመለስ። ምን ጎደለባት?»

በጎን ተኛን፤ ሲገላበጡ ተገላበጥሁ።

በማግሥቱ መርማሪው መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ያቆምሁበት ገጽ ጫፉ እንደታጠፈ ነበር።

«ጥቂት ቀርቶሃል አሉ» አለኝ። ወሬው ከክፍሉ ወጥቶ ደርሶታል። «ስም ስጠኝና እዚሁ ተቀምጠህ ጨርሰው። ሻይም ይመጣልሃል።»

እጄ ወደ መጽሐፉ ሄዶ እንደነበር አልደብቅም። ሻዩም አጓጉቶኛል። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አኖርሁት።

«ጨርሼዋለሁ» አልሁት።

«የት?»

«ክፍል ውስጥ።»

የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ አየው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም ነበር። «እንዴት አለቀ?»

«ሰውየው አልወረደም። ከወደቡ ተሳልሞ ተመለሰ።»

ገጹን ትንሽ አየና መጽሐፉን ከደነው። «ሞኝ ነው» አለ።

«እሱስ ነው» አልሁት።

ወደ መጋዘኑ መለሰኝ፤ በኋላም ሌላ ነገር ቢያደርግም ስሟን አላገኘም። ብዙ ቆየሁ። መሪጌታ ከእኔ በፊት «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባሉ። ዕቃቸው ያ ጋቢ ብቻ ነበር፤ እኔ ላይ ጥለውት ባዶ እጃቸውን ወጡ። ወዴት እንደወጡ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ታይፒስቷን አገባኋት። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበች እሷ ናት። በየጊዜው «ልንገርህ?» ትለኛለች፤ «አውቀዋለሁ» እላታለሁ።

በየዓመቱ ለንግሥ ወደ መሪጌታ ደሴት እንሻገራለን። ሴት አይገባበትምና እሷ ከወደቡ ትቀራለች፤ እኔ ዳገቱን ወጥቼ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሜ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሼ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ጀልባው ሲደርስ ወንዶቹ ሁሉ ወረዱ። እኔ ተቀመጥሁ።

«አትወርድም እንዴ?» አለችኝ።

«ጉልበቴን አሞኛል።»

«ትናንት ዓባይ ማዶ ድረስ በእግርህ ደርሰህ የመጣህ ሰውዬ?»

ካለሁበት ብድግ ብዬ፣ ጀልባው እየወዘወዘኝ፣ ግንባሬን ወደ ደሴቱ ዝቅ አደረግሁ። እንዳልወድቅ ክንዴን ያዘችኝ።