ከስክሪኑ ፊት የሚቀመጡት አጎቴ

በጌም ቤታችን የምንሠራው እኔ፣ ባለቤቴ አስቴር፣ ልጃችን ምሕረት እና አጎቴ ነበርን። ዛሬ አጎቴ የሉም።

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ያሉት ማሽኖቻችን ስላረጁ ስክሪናቸው ቀለም ያዛባል። ጥገናውን ያለ አስተማሪ፣ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ከኋላ ሆኜ የቀለም ማስተካከያ ብሎኖቹን ሳዞር ምስሉ አይታየኝም። ስለዚህ አጎቴ ከፊት ተቀምጠው ያዩትን ይነግሩኝ ነበር።

«አሁንስ ጥሩ ሆነ?» እላቸዋለሁ።

«ጥሩ መሆኑን አንተ ፍረድ። እኔ የማየው የጌሙ ሰውዬ ፊት እንደ ቲማቲም መቅላቱን ነው።»

«ትንሽም አልተሻለውም?»

«ተሽሎታል እንጂ! አሁን በደንብ የበሰለ ቲማቲም ሆኗል።»

እበሳጭ ነበር። ሆኖም እኔን ለማስደሰት ብለው አንድ ቀን እንኳ አልዋሹኝም። እውነቱን የሚነግረው ዘመድ ያለው ሰው ብዙ አይሳሳትም።

ካረፉ ወዲህ ከፊት የምትቀመጠው ምሕረት ናት። ቁጣዬን ስለምትፈራ ገና ብሎኑን ሳልነካ «ጥሩ ነው አባዬ» ትላለች። አስቴርም እንደዚያው። ደንበኞቹም የተዛባውን ቀለም ለምደውታል። የአጎቴ ሞት ሁላችንንም ያስከፈለን ይህንን ነው፤ በጌም ቤታችን ስክሪኖች ላይ ሰማዩ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሚናገር ግን የለም።